በጓሮዬ የቆመው ስፖንዳ

ሰው ስለ ጥላና ስለ ሰይጣን ማውራት ሲጀምር ፈገግታዬን መደበቅ የማልችል ሰው ነኝ፣ ይኼን ባለቤቴ ይታይሽ ትመሰክራለች፣ ስንት ጊዜ በሰው ቤት ተቀምጠን በክርኗ ጎሽማኛለች። በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ላይ የክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፣ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ፣ ሰው «ምች መትቶት ነው፣ ለክፎት ነው» እያለ በቃሬዛ ያመጣውን በሽተኛ ወባ ነው ብዬ ኪኒን ሰጥቼ የምሸኝ፣ ከተማውም ግማሹ በአክብሮት ግማሹ በፌዝ «ዶክተር» ይለኝ ነበር። እንግዲህ የምነግራችሁን ነገር ለማመን መጀመሪያ የተቸገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ግን ሆኗል፣ ምን ላድርግ፣ የሰማሁትን አልሰማሁም ብዬ መኖር አቅቶኝ ነው የማወራው።

አንድ አመል አለብኝ፣ ብረት ወድቆ ሳይ ማለፍ አልችልም። የተሰበረ ማንጠልጠያ፣ የተቀደደ በርሜል፣ የመኪና ጎማ፣ ምኑም ይሁን ምን «ይኼ ነገር እኮ ለአንድ ነገር ይሆናል» ብዬ ይዤው እገባለሁ፣ ይታይሽም «ሌላው ሰው በግ እየነዳ ይገባል፣ የእኔ ባል ዝገት ተሸክሞ» ትለኛለች። በዚያ ዓመት ደግሞ ብረት በእርግጥ የሚያስፈልገው ጉዳይ ገጥሞኝ ነበር። ጓሮዬ ውስጥ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን እተክላለሁ፣ ለዘር ብዬ ያስቀመጥኩትን ድንች ግን አይጥ ትጨርስብኛለች፣ የእንጨት ሣጥን ሠርቼ ምስጥ በላው፣ በጭቃ መርጌ ጎታ ባቆም ዝናብ አፈረሰው፣ ዶማና አካፋዬም ሜዳ ላይ ዛገ። አይጥም ምስጥም ዝናብም የማይደፍረው የጓሮ ዕቃ ቤት ፈለግሁ።

ጥር ላይ ለፈንጣጣ ክትባት ወደ ሞጣ ላኩኝ፣ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። እዚያ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ እህልና ቆዳ በመኪና የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ፣ እግራቸው ላይ ለወራት እምቢ ያለ ቁስል ነበራቸው፣ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው እየሄድኩ አጠብኩላቸው፣ አሸግኩላቸው፣ ዳነ። «በል ዶክተር፣ ምን ላድርግልህ?» ሲሉኝ የእኔ ዓይን የት እንደነበር ታውቁታላችሁ፣ የግቢያቸው ጥግ ላይ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ፍርስራሽ ተከምሮ ነበር፣ ኮፈኑ፣ የነዳጅ ታንኩ፣ ጎማዎቹ፣ መሪው ሳይቀር።

«ይኼን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ወላሂ ሰው ማር ይለምናል፣ ቅቤ ይለምናል፣ አንተ ዝገት?» አሉና ቀስ ብለው ሳቃቸውን ዋጡት። «ውሰደው፣ ለእኔም ባላየው ደስ ይለኛል። ስፖንዳውን ግን ብትተወው ይሻላል መሰለኝ።»

ስፖንዳ ማለት ለማያውቅ፣ የጭነት መኪና ጎንና ጎኑ ላይ ጭነቱን ደግፎ የሚይዘው ግድግዳ ነው፣ የዚህኛው ወፍራም ላሜራ ነበር፣ ለዕቃ ቤት ግድግዳ ከዚያ የተሻለ ነገር በሕልሜም አላየሁ። «ለምን እተወዋለሁ?» አልኳቸው።

«የአዳሙ መኪና ነዋ፣ እዚያ ስፖንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድ የነበረው የእማማ ደብሬ ልጅ። ጎረቤትህ አይደሉም እንዴ?»

ጎረቤቴ ናቸው፣ አጥር ነው የሚለየን። ቢቸና ከተዛወርኩ ሁለት ዓመቴ ስለነበር አዳሙን በአካል አላውቀውም፣ የሆነውን ግን እሳቸው ነገሩኝ። አዳሙ የዚህ መኪና ረዳት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ፣ መኪናው ከወንዙ በላይ ያለው ዳገት ላይ ጭቃ ይዞት ቆመ፣ አዳሙ ታኮ ሊያደርግ ወረደ፣ ታኮ ያው መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚወሸቀው ግንድ ነው። መኪናው ተንሸራተተ፣ ወንዝ ገባ፣ ሾፌሩ እጁ ተሰብሮ ወጣ፣ አዳሙ ግን ሬሳውም ራሱም አልተገኘም። አንዱ ወንዙ ወሰደው አለ፣ ሌላው ፈርቶ ሸሸ፣ ደጀን ላይ ሸክም ሲሸከም አይቼዋለሁ አለ።

እማማ ደብሬም በመሃል ቀሩ። ልቅሶ አልተቀመጡም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ ሰው «ነፍስ ይማር» ሲላቸው ይቆጡ ነበር። የነፍስ አባታቸው ፍትሐቱ ይደረግለት፣ ተዝካሩም ይውጣለት እያሉ ቢመክሯቸው «ለቆመ ሰው ተዝካር ላወጣለት ነው?» ይሏቸዋል፣ ማታም በራቸውን ሳይቀረቅሩ ነው የሚተኙት። ይኼን ሁሉ እያወቅኩ ስፖንዳውን ወሰድኩት። እንዲያውም ወደ ቢቸና በሚመጣ መኪና አስጭኜ በምሽት አስገባሁትና ሰማያዊ የነበረውን በአረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፣ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ማስከፋት አልፈለግሁም ብዬ ነው፣ እውነቱ ግን ብረቱን እንዳልመልስ ፈርቼ ነው።

የሠራሁት ዕቃ ቤት ማማሩን ደግሞ ልንገራችሁ። ስፖንዳዎቹን በአራት ማዕዘን አቁሜ በብሎን አሠርኳቸው፣ ኮፈኑን ዝናብ እንዲያንሸራትት ዘቅዝቄ ክዳን አደረግኩት፣ ታንኩን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለአመድ ግማሹን ለፍግ፣ የፊት መብራቶቹን ጎድጓዳ ቆርቆሮ የጎመንና የቃሪያ ዘር ማስቀመጫ፣ መሪውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አንጠለጠልኩበት። ቦታው ትንሽ ተዳፋት ስለነበር ዕቃ ቤቱ ወደ ታች እንዳያዘነብል ከብረቱ ጋር የመጣውን ታኮ ከታችኛው ጥግ ሥር በመዶሻ ወሸቅኩት። ይታይሽ እንኳ ዞር ዞር ብላ አይታ «አሁንስ ሰው ሆነሃል» አለችኝ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ሚያዝያ ላይ ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጎመን እየኮተኮትኩ፣ ስፖንዳው «ቧ» አለ፣ አንድ ጊዜ። ቀና አልኩ፣ ሰው የለም። ብረት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቶት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ድምፅም ያወጣል፣ ይኼን እኮ ለሰው የማስረዳው እኔ ነኝ፣ ወደ ኩትኮታዬ ተመለስኩ። በማግሥቱም ያንኑ ሰዓት ግድም አንድ ጊዜ። በሦስተኛው ቀን ግን ሰማዩ ሲዳምን ውሎ ፀሐይ የሚባል አልወጣም፣ ብረቱ በረዶ ነው፣ እሱም «ቧ» አለ።

እመኑኝ፣ አልፈራሁም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ የሚመረመር ነገር አገኘሁ ብዬ። የክሊኒኩን ሰዓት አምጥቼ ያዝኩ፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሩብ አልፎ፣ ብቻ ከመምሸቱ በፊት ነው። አይጥ ይሆናል ብዬ ዙሪያውን አመድ ነሰነስኩ፣ ከዶሮ እግር በቀር ዱካ የለም። ውስጡን አራገፍኩ፣ ምንም የለም፣ መልሼ በድንች ጆንያ እስከ አፉ ሞላሁት፣ ታፍኖ ድምፁ ይጠፋል ስል ያው ነው። ደግሞ ድምፁን እየለየሁት መጣሁ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት የተመታ አይደለም፣ በተዘረጋ መዳፍ የተመታ ላሜራ ነው፣ ይኼን ድምፅ በዚያ ዘመን መኪና ላይ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ረዳት ከኋላ ሆኖ ሾፌሩን የሚያነጋግረው ስፖንዳውን እየመታ ነው፣ አንድ ጊዜ ከመታ «ቁም፣ ቆይ» ነው፣ ሁለት ጊዜ ከመታ «ሂድ» ነው፣ ሾፌሩም ዞሮ ሳያይ የሚታዘዘው ለዚያ ምት ብቻ ነው።

አንድ ቀን መዳፌን ስፖንዳው ላይ ለጥፌ ቆሜ ጠበቅኩ። እጄ ከዚህ በኩል ነው፣ ከዚያ በኩል እስከ አፉ የታጨቀ ድንች ነው። ሲመታ ንዝረቱ ልክ ከመዳፌ መሃል ተሰማኝ፣ አንድ ሰው ከወዲያ መዳፉን ከመዳፌ ጋር ያገናኘ ያህል። እጄን ቶሎ አነሳሁ፣ አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ትንሽ ደነገጥኩ፣ ግን ጉጉቴ ከድንጋጤዬ ይበልጥ ነበርና አልተውኩትም።

በማግሥቱ ሲመታ እኔም አንድ ጊዜ መታሁ። ጥቂት ቆየና አንድ ጊዜ መታ። እንደ ልጅ ሳቅኩ፣ ደግሜ አንድ መታሁ፣ ደግሞ አንድ መለሰ። ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ዝም አለ። አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፣ አንድ ብቻ የሚመታ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን ይኼ ነገር ቁጥር ያውቅ እንደሆነ ልይ የሚል ነገር ይዞኝ እጄን አነሳሁና ሁለት ጊዜ መታሁ፣ «ቧ፣ ቧ»።

ዝም አለ። ከዚያ ታች፣ በዕቃ ቤቱ ጥግ በኩል፣ ግንድ ከጭቃ ሲነቀል የሚያወጣው ድምፅ ተሰማኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሩጫ። ከጎማ የተሠራ የበረባሶ ጫማ ኮቴ ነው፣ መሬቱን በጥፊ እየመታ፣ በክንድ ርቀት አጠገቤ አልፎ በነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ ወደ መንገዱ ሮጠ፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ለመንጠልጠል እንደሚሮጥ ረዳት፣ መጀመሪያ ረጋ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ከዚያ እንደማይደርስበት እንዳወቀ ሰው። ዓይኔ ምንም አላየም። አንዲት የሽንኩርት ቅጠል እንኳ አልታጠፈችም።

ይታይሽ ከበሩ ላይ ብቅ ብላ «ማንን ነው የምታሯሩጠው?» አለችኝ። እሷም ሰምታለች ማለት ነው። «ዶሮ ነው» አልኳት።

ጠዋት ስነሣ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በመዶሻ የወሸቅኩት ታኮ የለም። ቦታው ጎድጉዶ ውሃ አቁሯል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሳምንት አልፎታል፣ ዕቃ ቤቱም ያ ጥግ ባዶ አየር ላይ ሆኖ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቁጢጥ ብዬ ከሥሩ ሳይ «ዶክተር፣ እንደምን አደርክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ደብሬ ናቸው፣ ታኮውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ እማማ።»

«ይኸ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት» አሉኝ። «የልጄ ነው። ይኸውልህ መስቀሉ፣ ከእኔ ምድጃ ብረት አግሎ ነው የተኮሰበት። አንተ ነህ ያመጣኸው?»

አይደለሁም አልኳቸው፣ እውነቴን ነው። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ስፖንዳው ላይ ነበር። ቀረብ ብለው ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፣ ሰማያዊው ወጣ።

«የሐጂ መኪና» አሉ። አልጮሁም። «ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«ወደ ሦስት ወር ይሆነዋል እማማ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ከአጥሬ ሥር» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከዚያ ሌላ ምን እላለሁ፣ ስለ ድምፁም ነገርኳቸው፣ ጀምሬ ማቆም አቃተኝ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አመዱ፣ መዳፌን ለጥፌ ስለመቆሜ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚመታ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ሁልጊዜ አንድ?»

«ሁልጊዜ።»

የተከፈለው ታንክ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያ ሾፌሩ ዋሽቷል» አሉ።

«ምን ብሎ ነበር?» አልኳቸው፣ ይኼን አልሰማሁም ነበርና።

«ሁለት ጊዜ ተመታልኝ፣ ሂድ ተባልሁ ብየ ነው ፍሬኑን የለቀቅሁ ብሎ በመስቀል ማለ። መኪናው ላይ ከሱና ከልጄ በቀር ሰው የለ። ልጄ ታች ነው፣ ታኮውን ገና አላስገባ፣ እንዴት ብሎ ሁለት ይመታል? ቆይ ሊለው አንድ ነው እንጅ የመታ። ይኸንኑ ያን ጊዜም ብየ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ።»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ደበቅኩት። እኔ የመታሁት ትናንት ማታ ነው፣ መኪናው ወንዝ የገባው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሊገናኝ አይችልም፣ ይኼን ለማወቅ ድሬሰር መሆንም አያስፈልግም። ሆኖም በመስቀል የማለውና እሳቸው ያላመኑት ሰው ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ አለ፣ እኔ ደግሞ ያንኑ ላሜራ በዚሁ እጄ ሁለት ጊዜ መትቻለሁ። ዕቃ ቤቱን ተደገፍኩ፣ ወዲያው ደግሞ ብረቱ አቃጠለኝ መሰለኝና ለቀቅኩት።

«አንተስ ዝም አልኸው?» አሉኝ።

«መለስኩለት።»

«ስንት?»

ፊታቸውን አየሁት። ሁለት ብል ምን እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር። ምናልባት «ሂድ ተብሎ ሄደ» ብለው በመጨረሻ ያለቅሱለት ነበር፣ ፍትሐቱን ያስደርጉለት፣ በራቸውን ቀርቅረው ይተኙ ነበር። ምናልባትም ልጄን የገደልከው አንተ ነህ ይሉኝ ነበር። ለእሳቸው ብዬ ነው የዋሸሁት ብዬ ለብዙ ጊዜ ራሴን አሳምኛለሁ፣ ግን ለራሴም ነበር።

«አንድ» አልኳቸው።

«ደግ አደረግህ» አሉኝ፣ ፊታቸው ሁሉ በራ። «ቆይ ሲለን እንቆይሃለን ብለህልኛል። ታኮውን ደጄ ድረስ አድርሷል፣ እንግዲህ ራሱም ይመጣል።» ስፖንዳውን ከዚያ እንዳላነሳው ለመኑኝ፣ እንዴት አድርጌ አነሳዋለሁ።

ከዚያ ማታ በኋላ ስፖንዳው አንድ ቀን እንኳ ተመቶ አያውቅም። እማማ ደብሬ ግን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እየመጡ ታንኩ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዝምታውንም «እንጠብቅሃለን ስላልነው ነው፣ ልቡ አርፏል» ይሉታል፣ ይታይሽ ደግሞ እራት ትሰጣቸዋለች፣ እኔ ጎመን የምኮተኩት መስዬ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አንድ ጊዜ ሾፌሩ ደጀን አለ ሲሉኝ እዚያ ድረስ ሄጄ ነበር፣ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ በሚያልፉት መኪኖች ላይ ዓይኑን እያንከራተተ አገኘሁትና አጠገቡ ሻይ ጠጥቼ ሳላናግረው ተመለስኩ። እማማ ደብሬ ስድስት ዓመት ጠበቁ፣ ተዝካር ሳያወጡ፣ በራቸውን ሳይቀረቅሩ።

በዓቢይ ጾም አረፉ። ዘመድ ስላልነበራቸው የገነዝናቸው እኛ ጎረቤቶች ነን። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የነፍስ አባታቸው ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ዶክተር፣ ለእሳቸው ልንጸልይ ነው» አሉኝ። «የልጁን ስም ምን ላድርገው? ከሙታን ጋር ልጥራው? እሳቸው ከአንተ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም ብለውኛል።»

ይጥሩት ልል ነበር፣ በእውነት፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሬሳው በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ከፊቴ አለ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ የእኔ ቀኝ እጅ በጋቢዬ ሥር ተጨብጧል።

«ለጊዜው ይቆይ አባ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱና ጸሎቱን ጀመሩ፣ የአዳሙን ስም ሳይጠሩም ጨረሱ።